ቀይዋ ስፒል

ሸዋአየሁ ስፒሏን ያየቻት በሰልስቱ ዕለት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲታደል ነው። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልረጋ ብሏት የምታያይዝበት ፍለጋ ወደ ስፌት ማኪናዋ ሄደች። ስፒሎቿን የምትሰካባት ትንሿ ትራስ እንደ ወትሮው ማኪናው ራስ ላይ ነበረች። ባለ ነጭ ራሶቹ ስፒሎች ተሰክተዋል። በመካከላቸው አንዲት ባለ ቀይ ራስ አለች።

ባለ ቀይ ራሶቹ እዚህ ትራስ ላይ አይሰኩም። የከፋይ ጨርቅ ስፒሎች ናቸው፤ ወፍራም ስለሆኑ ስስ ጨርቅ ይቀድዳሉ። ቦታቸው የከረሜላ ቆርቆሮው ውስጥ ነው። ከቆርቆሮው የወጣችው አንዲት ብቻ ነበረች፣ እሷንም የወሰዳት ልጇ መዝሙር ነው።

"እማ፣ አንዷን ቀይ ስጪኝ" ብሏት ነበር ከአራት ወር በፊት። "የምሰካት ሥራው ያለቀ ዕለት ነው። እስከዚያ በነጮቹ እሞክራለሁ።"

ስፒሏን በሁለት ጣቷ ይዛ ቆመች። ሰኞ ዕለት፣ ልጁ ከሞተ በኋላ፣ ጎረቤቶች ለአስከሬኑ ቦታ ለማስለቀቅ ጠረጴዛውን ከክፍሉ ሲያወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ነገር አንስታ ስፒሎቹን አንድ ባንድ የነቀለችው እሷ ናት። ፍራሽ ሊነጠፍ ነው፤ ሕፃን የታቀፉ ሴቶች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ስፒል ቢወድቅና ሕፃን ቢወጋ ብላ ነው። ሌላም ፈርታ ነበር። ጨርቅ የለበሰ፣ ሁለመናው የተወጋ፣ የሰው ራስ የሚያህል ነገር ለቅሶ ቤት ውስጥ ቢታይ ሰው ምን እንደሚል አውቃለች። ነቅላ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው፣ ነገሩን በፌስታል ጠቅልላ ከማኪናው ሥር ወሸቀችው። ቀለማቸውን አላየችም። እጇ የለመደውን ሠራ እንጂ እሷ የት ነበረች?

አሁን ገባት። ሰኞ ጠዋት ሥራው አልቆ ነበር።

"ሸዋ፣ ሰው መጥቷል" አለች እቴነሽ ከበሩ። እቴነሽ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት፤ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ እዚሁ ታድራለች። "ከአዘዞ የመጡ ናቸው። ነይ፣ ተቀመጪ።"

ሸዋአየሁ ስፒሏን ነጠላዋ ጫፍ ውስጥ ቋጠረቻትና ወጣች።

"እግዚአብሔር ያጥናሽ።"

"አሜን።"

"ምን አገኘው? እንዲያው ድንገት?"

"ልቡ ነው" አለች። በሦስት ቀን ውስጥ ለስንተኛ ጊዜ እንዳለችው አታውቅም።

* * *

መዝሙር አሥራ አንድ ዓመቱ እያለ ጉሮሮውን አሞት፣ ከዚያ መገጣጠሚያዎቹ አብጠው ተኛ። ሐኪሙ ጆሮው ላይ የሰካውን አውልቆ "የልቡ በር ተበላሽቷል" አላት። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፣ ወረፋ አለው አላት። ወረፋው ሳይደርስ አሥራ ሁለት ዓመት ሄደ።

በእነዚያ ዓመታት ሸዋአየሁ ክፉውን ስትጠብቅ ኖረች። ልጁ ሲያስል ማኪናዋን ታቆማለች። ዝም ሲልም ታቆማለች። ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየ ቁስቋም ዳገት ላይ ወድቆ ይታያታል። አባቱ መሪጌታ ስማቸው ልጁ ሕፃን ሳለ ስለሞቱ የምትፈራውን የምታካፍለው ሰው አልነበራትም። ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው እየተነሣ በረንዳ ላይ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የሳሎኑ በር መቀርቀሪያ ከባድ ብረት ነበር። ሲታገለው አንድ ቀን ይወድቃል ብላ በሩን መቀርቀር ተወች። ሌባ ቢገባ ይግባ። አሥራ ሁለት ዓመት በሩ ገርበብ ብሎ አደረ።

ለሌሊቱ እንዲህ ተዘጋጅታ ነበር። ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ግን ለቤተ ክርስቲያን የሰፋችውን ጥላ ልታስረክብ ስትወጣ፣ መዝሙር በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ፊቱ ደህና ነው። እንዲያውም ሳቅ ሳቅ ይለዋል።

"እማ፣ ስትመለሺ አንድ ነገር አሳይሻለሁ።"

"ምን?"

"ስትመለሺ አልኩሽ እኮ! ደሞ አትሩጪ።"

አልሮጠችም። ስትመለስ እዚያው ወንበር ላይ ነበር።

* * *

ቅዳሜ፣ ማክሰኞ ከተቀበረ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዓይናዲስ መጣች። ዓይናዲስ ፒያሳ አካባቢ ካናቴራ ላይ ሥዕል የሚታተምበት ሱቅ ውስጥ የምትሠራ የመዝሙር ጓደኛ ናት። በቀብሩ ዕለት አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ተዘግቶ ነበር፤ እስካሁን አልተከፈተም። ሸዋአየሁ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ቆየችና በጆሮዋ እንዲህ አለቻት፦

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። የመዝሙርን ደብተር ባየው?"

"የትኛውን ደብተር?"

"የጨረቃዋን።"

ሸዋአየሁ ነጠላዋ ውስጥ የተቋጠረችውን ስፒል በጣቷ ዳበሰች። ተነሥታ ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

የጨረቃዋን ነገር ሁለቱም ያውቁታል። ኮምፒውተር ላይ ጠፈርን የሚያሳይ ፕሮግራም አለ፤ ከምድር ተነሥቶ ከአንዱ ፕላኔት ወደ ሌላው የሚበሩበት። ያለ ክፍያ ነው፤ የሚሠሩት በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው። መዝሙር ዳገት መውጣት ስለማይችል መጀመሪያ ለመሄጃ ነበር የያዘው፣ በኋላ ከሠሪዎቹ አንዱ ሆነ። ለእናቱ ያስረዳት እንዲህ ብሎ ነው፦

"አየሽ እማ፣ እያንዳንዱ ዓለም ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቅርጹ ነው፤ ተራራው፣ ጉድጓዱ። ሁለተኛው ከላዩ የሚለብሰው ፎቶ ነው። ቅርጹን የሠራው ሌላ፣ ፎቶውን ያነሣው ሌላ ነው። መነሻቸው አንድ ካልሆነ የጉድጓዱ ፎቶ ተራራው ላይ ይወጣል። እኔ የማደርገው ማገጣጠም ነው።"

"ጠፍጣፋውን ጨርቅ ክብ ነገር ላይ ማልበስ ማለትህ ነው?"

"አዎ!"

"ይህማ የጥላ ሥራ ነው" አለችው።

ሃያ ሁለት ዓመት የታቦት ጥላ ሰፍታለች። ስምንት የከፋይ ክፋይ ተቆርጦ ጉልላቱ ላይ ይገናኛል፤ መስቀሉ በትክክል የጥላው አጥንት ላይ መዋል አለበት። ከጫፍ የጀመረ ሰፊ መጨረሻ ላይ መስቀሉ በሁለት አጥንት መካከል ይወድቅበታል፣ ሁሉንም ይፈታል። "ከጫፍ አትጀምር" አለችው። "ሁለቱም ላይ የምታውቀውን አንድ ቦታ ፈልግ። እሱን ስካው። ከዚያ ቀሪውን አዙር።"

ከዚያ በፊት ከጫፍ ጀምሮ አንድ ጊዜ ተዋርዶ ነበር። የመጀመሪያ ሥራው ግማሽ ዙር ዞሮ ወጣ። የፊቱ ወደ ኋላ ሆነ። ሌላ አገር ያለ ሰው አስተካከለው፣ የመዝሙርም ስም ተነሥቶ የዚያ ሰው ስም ገባ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ሸዋአየሁ በዚህ ይሞትብኛል ብላ ነበር።

ይህች ሁለተኛዋ ነበረች። የሳተርን ትንሽ ጨረቃ ናት፣ ድንች የምትመስል። ፎቶዋ የደበዘዘ ነው፣ ጉድጓዶቿም ይመሳሰላሉ፤ ፕሮግራሙ ላይ ያለችውም ተዛንፋ እንደሆነ ሁሉም እያወቀ የሚያቃናት አልተገኘም። መብራት በየቀኑ ስለሚጠፋ መዝሙር ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ላይ ቅርጿን ፈለፈለ፣ ወገቧ ላይ ዙሪያውን ቁጥር ጻፈበት፣ ከዜሮ እስከ ሦስት መቶ ስልሳ። ዓይናዲስ ፎቶውን እንደ ካልሲ በሚለጠጥ ጨርቅ ላይ አተመችለት። ሸዋአየሁ ጨርቁን በስምንት ክፋይ ሰፋችው። ጨርቁ ላይ አንዲት ጥቁር መስመር አለች። ጨርቁን ፎሙ ላይ እያዞረ፣ የሚመሳሰል ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር በነጭ ስፒል እየሰካ፣ ልክ የመጣ ዕለት መስመሯ የምታርፍበት ቁጥር መልሱ ነው።

ዓይናዲስ ሸዋአየሁ ያወጣችላትን ደብተር የመጨረሻ ገጽ ገልጣ አነበበች፦ "ሰኞ። ቀይዋን ሰካኋት! ቦታው እሷ ያለችበት ነው። ቁጥሩን ማታ መብራት ሲመጣ እጽፋለሁ።"

ደብተሩን ዘጋችው። "እትዬ፣ እስከ ነገ ማታ ካልተላከ አሮጌው እንዳለ ይወጣል። ሌላ ዕድል የሚገኘው ከዓመት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሌላ ሰው ይሠራዋል። እኔ ቁጥሩን ብቻ ካገኘሁ የቀረውን አውቀዋለሁ። ስፒሏ የት አለች?"

ሸዋአየሁ ነጠላዋን ፈታችና ስፒሏን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

ዓይናዲስ ስፒሏን አየች፣ ቀና ብላ ሸዋአየሁን አየች። "ነቀሏት?"

"ነቀልኳት።"

"መቼ?"

"ሰኞ ዕለት። ሕፃን ይወጋል ብዬ።"

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። "ጨርቁ ካልተንቀሳቀሰ ግድ የለም። ያምጡት።"

ሸዋአየሁ ከማኪናው ሥር እጇን ሰደደች። ፌስታሉ ባዶ ነበር።

* * *

አያ አስናቀው የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ለቀብሩ ከዛሪማ መጥተው ድንኳኑ አፍ ላይ እንግዳ ሲቀበሉ ሰንብተዋል። ጠዋት ሊቀመጡ ከማኪናው ሥር ዱካ ሲስቡ ፌስታሉ አብሮ ወጣ። ከፍተው ያዩትን ለማንም ጮክ ብለው አልተናገሩም፤ ከሰዓት ግን ሴቶቹ በሹክሹክታ ይነጋገሩ ነበር፣ ሸዋአየሁ ስትቀርብ ዝም ይላሉ።

ግቢው ውስጥ አጥሩ ጥግ አገኘቻቸው። በአንድ እጃቸው ዱላቸውን፣ በሌላው ፎሙን ይዘዋል። ጨርቁ ተገፍፎ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"አያ፣ ወዴት ነው?"

"ወደ ቀሐ። ወራጅ ውኃ ላይ ይጣላል። አንቺ ግቢ፣ አትዪው።"

"ጨርቁን ምነው ገፈፉት?"

"ክታብ አለበት ብዬ ነዋ! ክታቡን አውጥተውታል፣ ቀዳዳው ብቻ ነው የቀረው።" ፎሙን ወደ ፊቷ አስጠጉ። "ሸዋ፣ ወንድሜን ቀበርኩ፣ አሁን የወንድሜን ልጅ ቀበርኩ። ይህ የሰው እጅ ነው። ተመልከቺው፣ ጭንቅላት አይደለም? ሁለመናው ተወግቷል።"

ሴቶቹ ከድንኳኑ ወጥተው ቆመዋል። እቴነሽ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ሸዋአየሁ ከሰኞ ጀምሮ የፈራችው ይህንኑ ነበር። ስትፈራው ግን የበለጠ አስፈሪ ይመስላት ነበር።

"እኔ ነኝ የሠራሁት" አለች።

"ምን?"

"ጨርቁን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የወጋው ራሱ መዝሙር ነው። ስፒሎቹን ነቅዬ የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ የእናንተን አፍ ፈርቼ። አሁን ይስጡኝ።"

አያ አስናቀው አልሰጧትም። ወደ ድንኳኑ ዞረው "አባ፣ ይህችን ሴት ኀዘኑ..." ብለው ጀመሩ።

የንስሐ አባቷ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ከአግዳሚው ተነሥተው መጡ። "እስቲ ልየው" አሉ። ጨርቁን ተቀብለው ገለበጡት፤ ፎቶውን ሳይሆን ስፌቱን ነው ያዩት። አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ሄዱበት።

"ይህ የጥላ ስፌት ነው" አሉ። "ስምንት ክፋይ፣ ጉልላቱ ላይ የተቋጠረ። ለጥምቀት የምንይዘውን የሰፋው እጅ እኮ ነው፣ አስናቀው። ምንድን ነው ግን፣ ልጄ?"

"ጨረቃ ናት፣ አባ።"

"ጨረቃ?"

"ይህ ድንች?" አሉ አያ አስናቀው።

"የሌላ ዓለም ጨረቃ ናት። ክቧ የኛዋ ናት" አለች ሸዋአየሁ። "ኮምፒውተር ላይ እያገጣጠማት ነበር። አራት ወር ለፍቶባታል።"

አባ ፎሙን ከአያ አስናቀው እጅ ወስደው አገላበጡት። "እንግዲህ ፈጣሪ ድንች አስመስሎ ከፈጠራት እኛ ምን ቤት ነን? ስጣት።"

አንዷ ሴት ሳቋ አመለጣትና በነጠላዋ አፈነችው። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ በአምስት ቀን የመጀመሪያው ነበር።

* * *

በመዝሙር ክፍል ውስጥ መብራት የለም። ሸዋአየሁ ፎሙን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በነጩ ላይ በርካታ ቀዳዳ አለ፤ አራት ወር ሙሉ የተሰካውና የተነቀለው ሁሉ። ዓይናዲስ በስልኳ መብራት አይታ ተስፋ ቆረጠች።

"ስልሳ ይሆናሉ፣ እትዬ። የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?"

ሸዋአየሁ መጀመሪያ ጨርቁን አነሣችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው። ነጭ ስፒል የሚለጠጥ ጨርቅን አይጎዳም፤ ክሩን ገፋ አድርጎ ይገባል፣ ሲወጣ ክሩ ይመለሳል። ቀይዋ ግን ትቀድዳለች። ጨርቁን በጣቶቿ ቀስ እያለች እየሳበች ፈለገች። አንድ ቦታ፣ ሦስት ትንንሽ ጉድጓዶች የተጠጋጉበት አጠገብ፣ አንዲት ክር ተበጥሳ ጫፏ ቀና ብሏል።

"ይኸው። ጨርቁ ላይ ያለው ይኸ ነው።"

"ፎሙስ?"

"ፎሙን እጄ ያውቀዋል።"

ቀይዋን ስፒል አንሥታ ከመጀመሪያው ቀዳዳ አፍ ላይ አስጠጋቻት። አልገባችም፤ ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ካልገፏት አትሄድም። አልገፋችም። ወደሚቀጥለው አለፈች። እሱም ያዛት። እንዲህ እያለች ሄደች። ከኋላዋ በሩ ተከፈተና አያ አስናቀው ገቡ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጥቂት ቆሙ፣ ከዚያ ከካፖርታቸው የእጅ ባትሪያቸውን አውጥተው ከሸዋአየሁ ትከሻ በላይ አበሩ።

"እዚህ ጋ ነው?" አሉ።

"ዝቅ ያድርጉልኝ፣ አያ። አዎ።"

"እንግዲህ በዚህ ምን ያገኝ ነበር? ይከፍሉታል?"

"አይከፍሉም" አለች ዓይናዲስ። "ስሙን ይጽፉለታል። ጨረቃዋን የነካ ሁሉ የሠሪውን ስም ያያል።"

"መዝሙር ብሎ?"

"መዝሙር ስማቸው ብሎ።"

ብርሃኑ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። "የወንድሜም ስም አለበት?"

"አለበት።"

"የት የት አገር ነው የሚያዩት?"

"በሁሉም አገር።"

አያ አስናቀው ሁለተኛ እጃቸውን ጨምረው ባትሪውን አጥብቀው ያዙ።

አርባውን አልፋ ነበር። ሸዋአየሁ ስፒሏን ጎድጎድ ባለ ቦታ፣ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብላ ያለች ቀዳዳ ላይ አስጠጋቻት። ስፒሏ ምንም ሳይይዛት፣ በራሷ ክብደት፣ እስከ ቀይ ራሷ ድረስ ገባች።

ሸዋአየሁ ስፒሏን አወጣቻት፣ ጨርቁን እንደ ጥላ ከጉልላቱ ጀምራ አለበሰችው፣ የተበጠሰችውን ክር ከቀዳዳው ጋር አገጣጥማ መልሳ ሰካቻት። ዙሪያውን ያሉት ጉድጓዶች ሁሉ ከፎሙ ጉድጓዶች ላይ ተኙ። ዓይናዲስ ቁጥሩ እንዲታይ ጨርቁ ወገብ ላይ በተተወው ክፍተት መስመሯ የት እንዳረፈች ጎንበስ ብላ አየች።

"ሠላሳ ሰባት" አለች። ደብተሩን ገልጣ ከእሱ ጽሑፍ ሥር ጻፈችው። እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ አልጽፍ አላት።

* * *

ሰኞ ሰባቱ ነበር። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዝክሩ ተበላ፣ የእድሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበራቸውን ቆጥረው ጫኑ። አያ አስናቀው ከጠዋቱ መኪና ቀርተው እስከ ከሰዓት ቆዩ፤ ዓይናዲስ እስክትደውል ነበር የሚጠብቁት። ስልኩ ሲጮኽ ሸዋአየሁ በልማዷ ክፉውን አሰበች። ምን ሆነች? መንገድ ላይ ወድቃ ነው?

"እትዬ፣ ደርሷቸዋል። ሞክረው አይተውታል። ልክ ነው ብለዋል።"

"ስሙስ?"

"ገብቷል። ከነአባቱ።"

ለአያ አስናቀው ነገረቻቸው። "ሸጋ ነው" አሉ። ዱላቸውን አነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው "ልጥለው ነበር እኮ" አሉ።

"እኔም ነቅያት ነበር፣ አያ።"

ሄዱ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እቴነሽ ከውስጥ ፍራሹን አንጥፋ ተጋድማለች። ሸዋአየሁ የመጨረሻዎቹን ብርጭቆዎች ደረደረች። ጨረቃዋ ማኪናው ላይ ተቀምጣለች፣ ቀይዋ ስፒል እንደተሰካች ነች። አልነካቻትም። ወደ በረንዳው ወጥታ የመዝሙርን ወንበር ወደ ቤት አስገባችው። ከዚያ በሩን ገፋችው።

መቀርቀሪያው አልንቀሳቀስ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝጎ ከቦታው ተጣብቋል። በመዳፏ መታችው። ደግማ መታችው።

"ምነው ሸዋ፣ ምን ታንኳኪያለሽ?"

"በር እየዘጋሁ ነው።"

እቴነሽ ከፍራሹ ቀና አለች። "ልርዳሽ?"

"ተኚ።"

ከማኪናው መሳቢያ ውስጥ የማኪናውን ዘይት አመጣች። ሦስት ጠብታ ብረቱ ላይ፣ ሁለት ጠብታ ማስገቢያው ላይ አደረገች። ጠበቀች። ከዚያ መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት እያደረገች አላላችው። ዝገቱ እየረገፈ ጣቶቿን አቀላቸው። ጆሮዋን ወደ በረንዳው ጣል አደረገች፣ በልማድ። ከዚያ ብረቱን እስከ መጨረሻው ገፍታ ቀረቀረችው።